ከድሬዳዋ ሆኖ የአዲስ አበባ ዌብ ዲዛይን ስራ መፈለግ፦ የሞከርኳቸው አገልግሎቶች ግምገማ

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ድሬ ቁጭ ብሎ አዲስ አበባ ላይ የዌብ ዲዛይን ስራ ማግኘት ይቻላል። እኔ አግኝቻለሁ። ቲኬት የቆረጥኩት ማህተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ በኢሜይል ከደረሰኝ በኋላ ነው።

«መጀመሪያ ሂጂ፣ እዛው ሆነሽ ትፈልጊያለሽ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የሚመጣ ነው፤ ግን ስንቱን ልጅ ሲጎዳ አይቻለሁ። ይሄዳሉ፣ ዘመድ ቤት ያርፋሉ፣ የያዙት ብር በታክሲና በምሳ ያልቃል፣ ከዛ ዲዛይኑን ትተው የተገኘውን ስራ ይይዛሉ። አንዳንዱም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እጁ የሚያምር ዲዛይነር በኪራይና በታክሲ ሂሳብ ብቻ ከሙያው ሲወጣ ማየት ያመኛል። ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን መንገዶች ልገምግም፣ ለሚቀጥለው ሰው ትንሽ ድካም ከቀነሰለት ይበቃኛል።

መለኪያዬ አንድ ነው። አገልግሎቱ ድሬ ያለውን ሰው በአካል ሳያስጠራ እስከ ደብዳቤው ያደርሰዋል ወይ? የአፑ ማማር፣ የማስታወቂያው ብዛት ሁለተኛ ነገር ነው።

ከጋዜጣ ልጀምር። ሪፖርተር እሁድና ረቡዕ ይወጣል፣ የስራ ማስታወቂያ ለሚፈልግ ሰው የቆየ በር ነው። ችግሩ ጋዜጣው ላይ ሳይሆን ቀጣሪዎቹ በሚጽፉት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «የትምህርትና የስራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ፣ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የስራ ቀናት ውስጥ በአካል በመቅረብ መመዝገብ ትችላላችሁ።» ይቺን ያላነበበ ስራ ፈላጊ የለም። አዲስ አበባ ላለ ሰው የአንድ ታክሲ ጉዳይ ናት። ለእኛ ግን ደንገጎን ወጥቶ፣ በቁልቢ በጭሮ በአዋሽ አልፎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ ያውም ለመመዝገብ ብቻ። ለዌብ ዲዛይን ስራ ይሄ ምን ትርጉም አለው? ስራዬ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ፎቶ ኮፒዬን ከማየት ይልቅ ሊንኬን መክፈት ይቀላል።

ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውሉ። «እንደምን ዋሉ፣ ከድሬዳዋ ነው የምደውለው፣ ማስረጃዬን በኢሜይል ብልክ ይቀበሉኛል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው። አንዳንዱ «አይ፣ በአካል ነው» ብሎ ይዘጋል። አንዳንዷ የሰው ሀብት ሰራተኛ ግን «ላኪው የኔ እናት፣ ኦርጅናሉን ለፈተና ስትመጪ ታሳይኛለሽ» ትላለች። ሰው እንዲህ ደግ ነው። ለእኛ ሙያ ግን ከጋዜጣ ብዙ አትጠብቁ። የሚወጣው በአብዛኛው «የአይቲ ባለሙያ» ተብሎ ነው፣ ዝርዝሩ ሲነበብ ፕሪንተር መጠገኑም ኔትወርክ መዘርጋቱም ዌብሳይት ማስተዳደሩም አንድ ሰው ላይ ተቆልሏል። ከአምስት ሁለት እሰጠዋለሁ።

ኢትዮጆብስ የሚባለው የስራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። ፕሮፋይል ትከፍታላችሁ፣ ሲቪ ትጭናላችሁ፣ እዛው ታመለክታላችሁ፣ በአካል ቅረቡ የሚል ነገር እምብዛም አይገጥማችሁም። የስራ ቦታውና የመዝጊያ ቀኑ በግልጽ ስለሚጻፍ ያለፈበት ማስታወቂያ ላይ ጊዜ አታጠፉም። ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የሚያወጡትም መያዶች፣ ባንኮችና መዋቅር ያላቸው ድርጅቶች ናቸው፣ ስለዚህ ደመወዙም ውሉም ስርዓት ያለው ይሆናል። አንድ ምክር፦ «ዌብ ዲዛይነር» ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ። ያው ስራ ፍሮንት ኤንድ ዲቨሎፐር ሊባል ይችላል፣ ዩአይ ዩኤክስ ዲዛይነር ሊባል ይችላል፣ ግራፊክስና ዌብ ዲዛይነር ሊባል ይችላል፤ አንዳንዴ ዲጂታል ማርኬቲንግ ኦፊሰር በሚል ስም ስር ተደብቆ ታገኙታላችሁ። ስሙን ሳይሆን ዝርዝሩን አንብቡ።

የሚከብደው ከዛ በኋላ ያለው ነው። ካመለከታችሁ በኋላ ቀጣሪው ዝም ይላል። ደርሶኛልም አላለፍሽምም የለም፣ ዝም ጭጭ። ይሄ የድረ ገጹ ጥፋት አይደለም፣ የቀጣሪዎቹ ልማድ ነው፣ ግን ሩቅ ላለ ሰው ዝምታው ይበልጥ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ብቅ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። እነዚህ ድርጅቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የስራ ልምድ በዓመት ቆጥረው ነው የሚፈልጉት። አምስት ዓመት የቆየ ዲዛይነር ከሆናችሁ ኢትዮጆብስ ዋናው በራችሁ ነው። ለጀማሪ ከአምስት ሦስት።

አሁን ወደ ቴሌግራም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለእኔ የሰራልኝ ይሄ ነውና።

አፍሪወርክ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በፊት ፍሪላንስ ኢትዮጵያ ይባል የነበረው ነው። ማስታወቂያው ቴሌግራም ቻናል ላይ ይወጣል፣ የምታመለክቱትም በቦት ነው፣ ማለትም እዛው ቴሌግራም ላይ ራሱ በሚመልስ ፕሮግራም። ለድሬ ሰው ጥቅሙ ምንድን ነው? መጀመሪያ ነገር ዳታ አይበላም። ኮኔክሽን ሲደክም ከባድ ድረ ገጽ ባይከፈት እንኳን ቴሌግራም ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ቋሚ ስራ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ አጭር ኮንትራት፣ የአንድ ገጽ ስራ፣ ከርቀት የሚሰራ ስራም ይወጣል። አቦ፣ ትልቁ ነገር ይሄ ነው! ቋሚ ስራ ስታመለክቱ ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያስበው «ይቺ ልጅ ድሬ ናት፣ ብቀጥራት ትመጣለች? ብትመጣስ ትቆያለች?» ብሎ ነው። የአንድ ሳምንት ኮንትራት ስትጠይቁት ግን የት እንዳላችሁ ግድ አይሰጠውም። የሚፈልገው ገጹ እንዲያልቅለት ነው። ሰርታችሁ በጊዜው ስታስረክቡ፣ ከዛ ሁለተኛ ስራ ሲሰጣችሁ፣ ከተማችሁ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። እኔን የቀጠረኝ ድርጅት የጀመረው እንደዚህ ነው። መጀመሪያ አንዲት የምርት ማስተዋወቂያ ገጽ አሰራኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ዌብሳይት እንዳስተካክል ሰጠኝ፣ በመጨረሻ የስራ ሂደት ኃላፊው ራሱ ደውሎ «ለምን እዚህ መጥተሽ ከእኛ ጋር አትሰሪም?» አለኝ። ይሄ ጥያቄ ከእሱ አፍ ከወጣ በኋላ ድርድሩ ሌላ ነው።

ከርቀት የሚያመለክት ሰው ሲቪውን ማሳመር ላይ ሌሊቱን አያጥፋ የምለው ለዚህ ነው። ርቀቱን የሚያጠበው ከድሬ ተሰርቶ በጊዜው የደረሰ ስራ ነው።

ቦቱ ላይ የምትጽፉት መልእክት አጭር ይሁን። የኔ እንዲህ ነበር፦ «ሰላም፣ ዌብ ዲዛይነር ነኝ። የፈለጋችሁትን ዓይነት የሆቴል ገጽ ከዚህ በፊት ሰርቻለሁ፣ ሊንኩ ይኸው፣ በስልክ ክፈቱት። አሁን ድሬዳዋ ነኝ፣ ይሄን ስራ ከርቀት እሰራዋለሁ። ንድፉን በሦስት ቀን አሳያችኋለሁ።» በቃ። ትጉህና ታታሪ መሆኔን፣ በቡድን መስራት እንደምወድ አልጻፍኩም፤ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል። ድሬ መሆኔን ግን አልደበቅኩም። አንዳንድ ሰው «የአክስትሽን አድራሻ ጻፊ፣ አዲስ አበባ ያለሽ ይምሰላቸው» ይላል። እኔ አልስማማም። ጠርተው «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ነይ» ሲሉ ምን ሊባል ነው? ደግሞ ከውሸት የተጀመረ ስራ ሁሌም ያስጨንቃል። ለቋሚ ስራ ሳመለክት «አሁን ድሬዳዋ፣ ስራው ሲረጋገጥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ እዛወራለሁ» ብዬ ሲቪው አናት ላይ ጽፌዋለሁ። ቀኑ ሲጻፍ ሰው ያምናል። አፍሪወርክን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለማንኛውም ማስታወቂያ አመልካች ስለሚበዛ ነው፣ ኖቲፊኬሽን ከፍታችሁ ቶሎ ካልደረሳችሁ መልእክታችሁ ከታች ይቀበራል።

ቴሌግራም ስል ግን ሁሉንም ቻናል አይደለም፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከሌላ ቻናል ላይ «ዌብ ዲዛይነር፣ ልምድ አያስፈልግም፣ ደመወዝ በጣም ማራኪ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ስጽፍላቸው ወዲያው «ተመርጠሻል» አሉኝ። ስራዬን ሳያዩ! ቀጥሎ ለመታወቂያና ለስልጠና ብለው በቴሌብር ብር እንድልክ ጠየቁ። አልላክኩም፣ ሪፖርት አድርጌ ወጣሁ። እዚሁ ከተማ ውስጥም አንድ አገናኝ ቢሮ ለመመዝገቢያ አስቀድሜ እንድከፍል፣ ስራው ሲገኝ ደግሞ ከመጀመሪያ ደመወዜ እንድቆርጥለት ጠይቆኛል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት የግል ስራና ሰራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ የሚባለው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሰራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሰራ ነው። ይሄን በትህትና ስነግረው ሌላ ጊዜ ነይ አለኝ። ልጆቹ ግን በር ላይ ተሰልፈው ነበር፣ አብዛኞቹ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ናቸው፣ ብሩን ከወላጅ ተቀብለው ነው የሚመጡት። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ስራ ለመስጠት ብር የሚጠይቅ ሰው ካያችሁ ዞር በሉ፣ ለጓደኞቻችሁም ንገሩ።

ሊንክድኢን ላይ ብዙ አልቆይም። ስራ እፈልጋለሁ የሚለውን ምልክት ስትከፍቱ የምትፈልጉትን ከተማ መምረጥ ይቻላል፣ አዲስ አበባንም ድሬዳዋንም ከርቀት የሚሰራውንም አንድ ላይ አስገቡ። ዋናው ጥቅሙ የሚመስለኝ ማመልከቻው ሳይሆን ሰዎቹን ማወቁ ነው፤ ኢንተርቪው የሚያደርጋችሁ ሰው ምን እንደሰራ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ከአምስት ሦስት።

አሁን የሁሉም አገልግሎት መክፈቻ ወደሆነው ፖርትፎሊዮ፣ የሰራችሁትን ወደምታሳዩበት ገጽ፣ ልምጣ። ሊንክ ከሌላችሁ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሰራም። ሊንክ ለማግኘት ብር አያስፈልግም፣ ጊትሀብ ፔጅስ በነጻ አድራሻ ይሰጣል፣ ኔትሊፋይም እንደዛው። በፒዲኤፍ የተላከ የዌብ ዲዛይን ግን ዌብ ዲዛይን አይደለም፣ ሰውየው መንካት፣ ማሸብለል፣ በተኑን መጫን አለበት። ዲዛይነሮች ስራቸውን በሚያሳዩበት ቢሀንስ ላይ ፎቶውን መጨመር ጥሩ ነው፣ የሚከፈት ገጽ ግን አይተካም።

ድሬ መሆን ጉዳት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ከከዚራ እስከ መጋላ ስትሄዱ ያለውን ታፔላ ልብ ብላችሁ እዩት እስኪ። አማርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ ሶማሊኛ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ፣ አንዳንዱ ላይ አረብኛም ይጨመራል። እኛ እነዚህን ሁሉ አንድ ሰሌዳ ላይ ተጣጥመው እያየን ነው ያደግነው። አዲስ አበባ ያሉ ድርጅቶች ደግሞ አሁን በብዙ ቋንቋ የሚሰራ ዌብሳይት እየፈለጉ ነው፣ ሲያሰሩት ግን ይበላሽባቸዋል። ለምን? ሜኑው ለእንግሊዝኛ ተለክቶ ነው የሚሰራው። ኦሮምኛው ሲገባ በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ድርብ ፊደልም ስለሚበዛበት፣ ወደ ጎን ይረዝምና ሜኑው ይሰበራል። አማርኛው «ያግኙን» ብሎ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን ኦሮምኛው በሁለት ቃል ይለዋል። አማርኛው ደግሞ አጭር ቢሆንም ፊደሉ ሙሉ ስለሆነ ወደላይና ወደታች ቦታ ይፈልጋል፣ የመስመሩን ክፍተት ለእንግሊዝኛ በተለመደው ልክ ከተዋችሁት መስመር በመስመር ላይ ይደራረባል። እኔ የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ ገደማ አደርገዋለሁ፣ ዓይን ያርፋል። አረብኛ ካለበት ደግሞ ገጹ በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ መዞር አለበት፣ ጽሑፉን ብቻ ማዞር አይበቃም።

ፎንቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል በሚለዩበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ዛሬም ግን አማርኛውን በፎቶ መልክ የሚለጥፉ ዌብሳይቶች አሉ፤ አይፈለግ፣ ኮፒ አይደረግ፣ በስልክ አይነበብ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከጉግል ፎንትስ በነጻ ይገኛል። የግዕዝ ፊደል ብዛቱ ብዙ ስለሆነ ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል፣ ስለዚህ የማትጠቀሙበትን ውፍረት ሁሉ አትጫኑ፣ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ይበቃል። ኢታሊክ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ለፊደላችን የተሰራ ኢታሊክ ፎንቱ ውስጥ ከሌለ ብራውዘሩ በግድ ነው የሚያጋድመው፣ ያስጠላል።

ፖርትፎሊዮዬ ውስጥ ያስገባሁት ዋናው ስራ ከዚራ አካባቢ ላለ ሆቴል የሰራሁት ነው። የድሮው ገጽ ላይ አንዱ የመኝታ ክፍል ፎቶ ብቻ ከ4 ሜጋባይት በላይ ነበር። በእኛ ሰፈር ኮኔክሽን እሱ እስኪከፈት እንግዳው ሌላ ሆቴል ይደውላል። ፎቶዎቹን ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ቀይሬ፣ መጠናቸውን በስልክ ስክሪን ልክ አድርጌ፣ የስልክ ቁጥሩን ሲነካ የሚደውል አደረግኩት። ከዛ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፣ ከስሩም ምን እንደቀየርኩና ለምን እንደቀየርኩ በሁለት በሁለት መስመር ጻፍኩ። ኢንተርቪው ላይ የጠየቁኝ ስለዚህ ስራ ነው። ስለ ዲግሪዬ የተጠየቀ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እውነተኛ ደንበኛ ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ ፋርማሲ፣ ጋራዥ፣ ወይ ቀፊራ ያለ የቅመም ነጋዴ ጋር ሂዱና ገጽ ልስራላችሁ በሉ። ኮዱ የሚከብዳችሁ ደግሞ 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የመንግስት ፕሮግራም በነጻ የፕሮግራሚንግ መሰረታዊ ትምህርት ይሰጣል፣ ሰርተፍኬትም አለው። ሰርተፍኬቱ ብቻውን ስራ አያስገኝም፣ ትምህርቱ ግን ይጠቅማል።

ስለ ሙከራ ስራም ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚበደልበት ነው። ቀጣሪ አቅማችሁን ለማየት ትንሽ ነገር ቢያሰራችሁ ልክ ነው። አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ግን ለፈተና ብሎ ሙሉ ዌብሳይት፣ ከነሎጎው ከነጽሑፉ፣ እንድሰራለት ጠየቀኝ። እሱ ፈተና አይደለም፣ ነጻ ጉልበት ነው። «የመጀመሪያውን ገጽ ንድፍ በፎቶ እልካለሁ፣ ከዛ በላይ ከሆነ በክፍያ እንነጋገር» ብዬ መለስኩ። አልመለሱልኝም፣ እኔም አላዘንኩም። ፊግማ በሚባለው የዲዛይን መስሪያ ላይ የሰራችሁትን ዋናውን ፋይል ሳትስማሙ አትላኩ፣ ፎቶው ወይ ፒዲኤፉ ለመፈተን ይበቃል።

ኢንተርቪው በጉግል ሚት፣ በቪዲዮ ጥሪ ነበር። እዚህ ላይ የሰዓት ነገር አለ፦ ግብዣው ላይ 9:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ በቃል «9 ሰዓት» ካሉ ግን ከሰዓት ነው ሊሆን የሚችለው። «ከጠዋቱ ነው ከሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑን ሞልታችሁ፣ ራውተር ላይ ብቻ ሳትተማመኑ፣ ስልካችሁ ላይ ዳታ ግዙ። ድሬ ውስጥ ይሄ ቀላል ነው፣ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ ሙከራውን የጀመረው በእኛ ከተማ ነው፤ አንድ የኢትዮ ቴሌኮም አንድ የሳፋሪኮም ሲም መያዝ ዋስትና ነው። እኔ ገና ስንጀምር «ኮኔክሽኑ ቢቋረጥ በስልክ እቀጥላለሁ፣ ቁጥሬ ይሄ ነው» አልኳቸው። ተረጋጉ፣ እኔም ተረጋጋሁ።

ስራው ሲሳካ ደስታው ያሰክራል፣ ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቆም በሉ። የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ በንግድ ሚኒስቴር የኢትሬድ ገጽ ላይ በቲን ቁጥሩ ማየት ይቻላል። የአጎቴን ልጅ ደግሞ ቢሮው ድረስ ሄዶ እንዲያይልኝ ጠየቅኩት፣ ሰው አለ ወይ፣ ስራ አለ ወይ፣ በሩ ላይ ያለው ስም ያው ነው ወይ። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ዘመድ እንዲህ ያለ ቀን ነው የሚጠቅመው፣ ስድስት ወር ቤቱ ከማረፍ ይልቅ።

ደመወዝ ላይ «ጥቅል ነው የተጣራ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳታፍሩ። 20,000 ብር ጥቅል ደመወዝ ተባላችሁ እንበል። ሁሉም መነሻ ደመወዝ ከሆነ 7 በመቶ ጡረታ 1,400 ብር ይሄዳል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ደግሞ 4,950 ብር ይቆረጣል። እጃችሁ የሚገባው 13,650 ነው። ድሬ ቤተሰብ ጋር እየኖረ 10,000 የተጣራ የሚያገኝ ልጅ በ20,000 ሄዶ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ሊከብደው ይችላል። ይሄን ሂሳብ ከመፈረም በፊት ስሩት። እኔ ከሰራሁት በኋላ የትራንስፖርት አበል እንዲጨመርልኝ ጠየቅኩ፣ ጨመሩልኝ። የመጀመሪያውን ሳምንትም ከድሬ ሆኜ እንድጀምር ተስማማን።

የሙከራ ጊዜው በአዋጁ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሰራ አስር ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልተስማማችኋቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። ስለዚህ እሱ ሳያልፍ ድሬ ያለውን ዕቃችሁን አትሽጡ፣ አዲስ አበባም ትልቅ ቤት አትያዙ። ከጓደኛ ጋር አንድ ክፍል መጋራት ይበቃል። የስድስት ወር ቀብድ አምጡ የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ፣ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል፣ ይሄን አውቃችሁ ተደራደሩ። ስፈልግ ለስራው ቅርብ የሆነው ቤት ውድ፣ ርካሹ ደግሞ አያትና ጀሞ ሆኖብኛል፣ ታክሲና ባሱን ስትደምሩበት ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ለጉዞው፣ አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ግን መሀል ከተማ ያደርሳችኋል። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ዋጋው ግን ለመጀመሪያ ወር ኪራይ የሚረዳ ብር ነው። ባቡሩ ደስ ይላል፣ ሰፊ ነው፣ ግን አዲሱ ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሃሬ መሀል ከተማ ሳይሆን ወጣ ብሎ ነው፣ አዲስ አበባም የሚያወርዳችሁ ፉሪ ለቡ ነው፣ ከሁለቱም ጫፍ የመኪና ወጪ ደምሩበት። የስራ መጀመሪያ ቀናችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ባቡሩ በየትኛው ቀን እንደሚነሳ አጣሩ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የምትይዙ ከሆነ ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ግን ፈትታችሁ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያዙት፤ ስራችሁ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊትም ጊትሀብ ላይ ጫኑት።